የቡና ሥር በመስታወት ሲታይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ጅማ 2017

ታኅሣሥ 5

ባለፈው ሐምሌ ከቤታችን ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ከተከልኳቸው 120 የቡና ችግኞች መካከል እስከ ዛሬ ድረስ 34ቱ ደርቀዋል። ዝናቡ እንዳቆመ ቅጠላቸው ጠወለገ፤ ከዚያም ጠቁሮ ሳይረግፍ ግንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የውሃ እጥረትን ስለነበር በሳምንት ሁለት ጊዜ በጀሪካን እየቀዳሁ አጠጣኋቸው፤ ለውጥ ግን አልነበረም። በአንድ ቀን የተተከሉት፣ እኩል ጥላና እኩል ውሃ ያገኙት ጎረቤቶቻቸው ለምልመው ቆመዋል።

ዛሬ ጠዋት የደረቁትን ሥራቸውን እንዳልቆርጥ በዶማ ሳይሆን በትንሽ አካፋና በእጄ እየቆፈርኩ አወጣኋቸው፤ በባልዲ ውሃ ካጠብኳቸው በኋላም ሸራ ላይ ደረደርኳቸው። ከ34ቱ የ26ቱ አውራ ሥር ቀጥ ብሎ አልወረደም። የአንዳንዱ እንደ ማጭድ ታጥፎ ጫፉ ወደ ላይ ተመልሷል፤ የሌላው ደግሞ ቀድሞ የነበረበትን ፕላስቲክ ቲዩብ ታች እንደነካ በክብ ዞሮ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። አንዱን በቢላ ሰንጥቄ ተመለከትኩት። ከመታጠፊያው በላይ ያለው ክፍል የእርሳስ ያህል ወፍሯል፣ ከመታጠፊያው በታች ያለው ግን ከስንደዶ አይበልጥም፤ መታጠፊያው ራሱ እየወፈረ ሲሄድ እርስ በርሱ ተጨምቆ ውስጡ ጠቁሯል።

ክረምቱን እንዴት እንዳለፉት ገባኝ። ዝናቡ የላይኛውን አፈር ሲያረጥብላቸው የጎን ሥሮቻቸው በቂ ነበሩ። በጋው ገብቶ እርጥበቱ ወደ ታች ሲሸሽ ግን ተከትሎት የሚወርድ ሥር አልነበራቸውም። ችግኞቹን ከአንድ ችግኝ ጣቢያ በ12 ብር ሒሳብ ስገዛ ቅጠላቸውን እያየሁ መርጬ ነበር፤ ቲዩቡን ከፍቶ ሥሩን ማየት ግን በጭራሽ አልታሰበኝም።

የሚቀጥሉትን ችግኞች ራሴ ላፈላ ወስኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሥር ከመሬት በታች ምን እንደሚሠራ በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ አንድ ጎኑ መስታወት የሆነ ሣጥን እሠራለሁ።

ታኅሣሥ 9 – 14፦ ሣጥኑ

ልኩ ቁመቱ 80፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ 48 ሊትር አፈር ይይዛል፤ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከ60 ኪሎ ያልፋል። የባሕር ዛፍ ጣውላ ርካሽ ቢሆንም እርጥበት ሲያገኝ እንደሚጣመም አናጺው ስለነገረኝ የፈረንጅ ጥድ ገዛሁ። ጀርባው፣ ጎኖቹና ታቹ ጣውላ፣ ፊቱ መስታወት ሲሆን መጋጠሚያው ሁሉ በሲሊከን ተደፍኗል።

የመጀመሪያው ስህተት መስታወቱ ላይ ደረሰ። ለመስኮት የሚሆን 4 ሚሊ መስታወት ከሄርማታ መርካቶ ገዝቼ አስገባሁ። እርጥብ አፈር ሞልቼ በእንጨት ስጠቀጥቀው አንድ ጊዜ ጠሽ አለና ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ወደ መስታወት ቆራጩ ስመለስ ነገሩን ሰምቶ፣ “ወንድሜ፣ መጀመሪያውኑ ለአፈር ነው ብትለኝ የመደርደሪያ መስታወት እሰጥህ ነበር” አለኝ። 6 ሚሊ ቆረጠልኝ፤ እኔም በመስታወቱ ወገብ ላይ አግድም አንድ ቀጭን ጣውላ በብሎን አሰርኩበት። ከዚህ በኋላ አፈሩን መጠቅጠቅ ትቼ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየረጨሁ በራሱ ጊዜ እንዲረጋ አደረግሁ።

እስካሁን የወጣው፦ ጣውላ 1,400፣ የተሰበረው መስታወት 480፣ አዲሱ መስታወት 850፣ ሲሊከን 350፣ ብሎን 160፣ ጥቁር ፕላስቲክ 210፣ ለአናጺ 200፤ በድምሩ 3,650 ብር።

ሣጥኑ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መስታወቱ ወደ መሬት እንዲያይ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሜ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። ሥር ወደ ታች መውረድ ስለሚፈልግ መንገዱ ላይ መስታወቱን ያገኘዋል፤ ከዚያም መስታወቱን እየታከከ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ አብዛኛው ሥር አፈሩ ውስጥ ተሰውሮ ይቀር ነበር። ሥር በተፈጥሮው በጨለማ የሚያድግ በመሆኑ መስታወቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኜ ለማየት ስፈልግ ብቻ እገልጠዋለሁ።

ታኅሣሥ 16

ከሣጥኑ ታች 8 ሳንቲ ሜትር ጠጠር አድርጌ፣ በላዩ ከግቢያችን የቆፈርኩትን ቀይ አፈር ሳልነፋ ሞላሁበት። ሦስት የበቆሎና ሦስት የቦሎቄ ዘር መስታወቱን አስጠግቼ ዘራሁ።

ታኅሣሥ 20

ከጎረቤታችን ከአዛውንቱ ገበሬ ማሳ የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና አመጣሁ፤ ዝርያው 74110 ነው። መጠሪያ ቁጥሩ በ74 የሚጀምረው እንደ ብዙዎቹ የጅማ ምርምር ማዕከል ዝርያዎች ምርጫው በ1974 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረ ነው። ፍሬውን በእጄ ፈልፍዬ፣ ዝልግልጉን አጥቤ በጥላ ሥር አጠፈፍኩት። ከፊሉን ከአሸዋ መደብ ላይ፣ 20 ፍሬ ደግሞ በቀጥታ ቲዩብ ውስጥ ዘራሁ፤ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች። ላዩን በሣር ሸፈንኩት። የቡና ፍሬ ለመብቀል ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድበት እስከዚያ ሣጥኑን በበቆሎና በቦሎቄ እፈትሻለሁ።

ታኅሣሥ 27

የመጀመሪያው ዘር አልተሳካም። በቆሎው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ቆመ። የቦሎቄው ሥር ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሲነካ ይላጣል። ክዳኑን ስገልጥ የበሰበሰ ሽታ ከአፈሩ ወጣ።

ጥፋቱ የጠጠሩ ነበር። ከታች ጠጠር ካለ ውሃ በደንብ ይወርዳል ብዬ አምኜ ነበር፤ ብዙ ሰው የአበባ ማሰሮ ሲያዘጋጅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። በመስታወቱ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ደቃቅ አፈር ውሃን እንደ ስፖንጅ ይይዛል፤ ከበታቹ ሰፋፊ ክፍተት ያለው ጠጠር ሲያጋጥመው ሙሉ በሙሉ ካልጠገበ በቀር ውሃውን አይለቅለትም። ስለዚህ ከጠጠሩ በላይ ያለው ወደ አራት ጣት የሚሆን አፈር ጭቃ ሆኖ ቆሟል፤ ጠጠሩ ራሱ ግን ደረቅ ነበር። ጠጠሩ የጭቃውን ወለል ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በስተቀር ያመጣው ጥቅም የለም። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር በውሃ ሲተካ ጫፉ ታፍኖ ይሞታል፤ ከዚያም መበስበሱ ይከተላል።

አፈሩን በሙሉ አወጣሁ። ከሣጥኑ ታች በድሪል ስምንት ቀዳዳ በስቼ በአሮጌ የጥጥ ጨርቅ ሸፈንኩ፤ ጠጠሩን ጣልኩት፤ ሣጥኑንም በሁለት ብሎኬት ላይ አነሳሁት። አፈሩን በወንፊት ነፍቼ ስድስት እጅ የላይኛው አፈር፣ ሦስት እጅ ኮምፖስት፣ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ አድርጌ ቀላቀልኩ። የተቀላቀለውን በእጄ ስጨብጠው ተያይዞ ይቀራል፣ በጣቴ ስነካው ደግሞ ይፈርሳል፤ መሆን ያለበት እንዲህ ነው።

ጥር 2 – 9፦ ሁለተኛው ዘር

በቆሎና ቦሎቄ እንደገና ጥር 2 ዘራሁ። ጥር 6 ጠዋት ሽፋኑን ስገልጥ የበቆሎው የመጀመሪያ ሥር መስታወቱን ታኮ ነጭ ክር መስሎ ወርዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ በማርከር መስታወቱ ላይ አሰምራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወርዷል።

ጥር 9 ላይ ያየሁትን በዝርዝር ልጽፍ እፈልጋለሁ። በአጉሊ መነጽር የበቆሎውን ሥር ጫፍ ስመለከት የመጨረሻው ጫፍ ቢጫ ቀለም ያለውና ለስላሳ ነው፤ ይህ የሥሩ ቆብ ነው። አፈር ሲቦረቡር ውጫዊ ሕዋሶቹ እየተላጡ ያልቃሉ፣ ከውስጥ ደግሞ በአዲስ ይተካሉ፤ የሚያወጣው ልጥልጥ ፈሳሽም መንገዱን ያለሰልስለታል። ከቆቡ ከፍ ብሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ምንም ነገር የሌለበት ራቁት ክፍል አለ፤ ሥሩ የሚረዝመው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ነው የሥር ፀጉር የሚጀምረው፦ እንደ ጉም፣ እንደ ብርቱካን ሻጋታ የሳሳ ነጭ ጭጋግ ሥሩን ከቦታል። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ላይ ፀጉሮቹ ተጣብቀው ሲታዩ ልጅ የእናቱን ነጠላ የጨበጠ ይመስላሉ። ተክሉ ውሃውንና በውሃው የሟሟውን ማዕድን በብዛት የሚወስደው በእነዚህ አማካይነት ነው። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ሕዋስ የወለዳቸው ስስ ነገሮች በመሆናቸው የሚቆዩት ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ሥሩ ሲያረጅ ፀጉሩ ረግፎ ቅርፊት ያወጣል፤ ያ ክፍል ከዚያ በኋላ ሥራው ውሃ ማስተላለፍና ተክሉን ማቆም ነው።

ችግኝ ሲዛወር አፈሩ ረግፎ ሥሩ ከተራቆተ የሚጠፋው ይህ ጭጋግ ነው። አፈሩ ረጥቦ እያለ ችግኙ ለምን እንደሚጠወልግ ለዓመታት ሳይገባኝ ቆይቷል። ውሃው አለ፤ የሚጠጣበት አፍ ግን ተቆርጧል፤ አዲስ እስኪያበቅል ድረስ በጥላ ሥር መቆየት ያለበትም ለዚህ ነው።

ጥር 12

ለከተራና ለጥምቀት ዘመድ ዘንድ ቆይቼ ስመለስ ነፋስ ሽፋኑን አንስቶት አገኘሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ብርሃን ስለገባ መስታወቱ ከውስጥ አረንጓዴ ሽበት ማውጣት ጀምሯል። ከውስጥ ማጽዳት አይቻልም። አሁን ሽፋኑን በላስቲክ ገመድ አስሬዋለሁ። ውሃ የማጠጣውም ክዳኑን በጋለ ምስማር በበሳሁት የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሆን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ነው።

ጥር 14 – 16፦ ሥር ታችን እንዴት ያውቃል?

ለዚህ ሣጥን አላስፈለገኝም። አንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ በሶፍቱና በብርጭቆው መካከል የበቀለ ቦሎቄ አስገባሁ። ሥሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሜ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ሥሩ ጫፉ ላይ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያመለክታል። በቆቡ ሕዋሶች ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ተክሉ ሲጋደም እነዚህ ወደ አዲሱ ታች ይወርዱና ሥሩ በየት በኩል መታጠፍ እንዳለበት ምልክት ይሰጣሉ።

ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለስኩት። ጫፉ እንደገና ወደ ታች ዞረ፤ ቀድሞ የታጠፈው ክፍል ግን አልተቃናም። ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው። የሚታጠፈው በመርዘም ላይ ያለው ጫፍ ብቻ ነው፤ ማደግ የጨረሰ ሥር በተጣመመበት ይጸናል፣ እንደተጣመመም ይወፍራል። ችግኝ ሲዛወር ጫፉ ወደ ላይ ተመልሶ ቢቀበር ከቀናት በኋላ ወደ ታች መንገዱን ያገኛል፤ ቅጠሉም ያምራል። መታጠፊያው ግን ለሁልጊዜው እዚያው ነው፤ ሸራው ላይ የደረደርኳቸው 26 ሥሮችም እንዲህ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የካቲት 1

ዛሬ በቆሎውንና ቦሎቄውን አስወግጄ ሣጥኑን ለሌላ አዘጋጀሁት። ከማውጣቴ በፊት የሁለቱን ሥር ጎን ለጎን ሣልኩ።

ቦሎቄው አንድ አውራ ሥር አለው፤ የጎን ሥሮቹ ከእርሱ ላይ ከላይ ወደ ታች እያጠሩ ወጥተዋል። በቆሎው ግን ዘሩ ያወጣው የመጀመሪያ ሥር ብቻውን አልቀጠለም፦ ከግንዱ ታችኛ አንጓዎች ዙሪያውን ሌሎች ሥሮች ወጥተው ዋናው ሥራ ወደ እነርሱ ተላልፏል። እንደ ፈረስ ጭራ የተበተነ፣ አለቃ የሌለው ሥር ነው፤ ጤፍም፣ ስንዴም፣ ሣርም እንደዚሁ ናቸው። በቆሎ ሲረዝም ከመሬት በላይ ካሉት አንጓዎች የሚወጡት ወፋፍራም ደጋፊ ሥሮችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ግንዱ በነፋስ እንዳይጋደም ይይዙታል፣ መሬት ሲገቡም ይመግቡታል።

በቦሎቄው የጎን ሥሮች ላይ የስናፍጭና የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እብጠቶች ነበሩ። በጥፍሬ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሮዝ ነው። በእነዚህ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሉ ይሰጣሉ፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍላቸዋል፤ ሮዝ ቀለሙ በሥራ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሆነው ቢገኙ ኖሮ ገና አልጀመሩም ወይም ጨርሰዋል ማለት ነበር። በዚህ አካባቢ ለቡና ጥላ የሚተወው ብርብራና ሰሳም የዚሁ የቦሎቄ ወገን ናቸው።

የእህቴ ልጅ ድንች የትኛው ሥር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድንች ሥር አይደለም፤ ዓይን ያለው ግንድ ነው፣ ዓይኖቹም ቡቃያዎች ናቸው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ስኳር ድንች ግን በእርግጥ ስንቅ ያጠራቀሙ ሥሮች ናቸው። የእንሰት አሚቾም እንደ ድንቹ ግንድ ነው፤ የእንሰቱ ሥር ከአሚቾው ዙሪያ የሚወጡት ገመድ መሳይ ነጫጭ ነገሮች ናቸው።

የካቲት 12 – 20

ቡናው በቀለ። ቀጭን ግንዱ ፍሬውን እንደ ባርኔጣ ተሸክሞ ከአሸዋው ወጥቷል። ሁለተኛ ሣጥን ሠራሁ፤ ሲሊከኑና ብሎኑ ከመጀመሪያው ስለተረፈ መስታወትና ጣውላ ብቻ 1,950 ብር ፈጀ። በዚህ ሣጥን መስታወት አጠገብ አራት ቡናዎች ተተክለዋል፦ ሁለቱ ሥራቸው ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱ ሆን ብዬ ጫፋቸውን ወደ ላይ አጥፌ።

ከዚህ ጎን ለጎን 60 ቲዩብ በሦስት ወገን ከፍያለሁ። ቲዩቦቹ ሁሉ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። 20ዎቹ ታኅሣሥ ላይ በቀጥታ የተዘራባቸው ናቸው። 20ዎቹ ፍሬውን እንደተሸከሙ፣ የጎን ሥር ሳያወጡ፣ የካቲት 18 ከአሸዋው የተዛወሩ ናቸው፤ ቀዳዳውን በእርሳስ ከሥሩ ርዝመት አስበልጬ በስቼ፣ ሥሩን ካስገባሁ በኋላ ችግኙን ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጌ አፈሩን ጠጋ ጠጋ አደረግሁት። የቀሩት 20 ሁለት ቅጠል ዘርግተው የጎን ሥር እስኪያወጡ ይቆያሉ፤ በብዙ ቦታ እንደሚደረገውም ጣት በሚያህል ቀዳዳ ይዛወራሉ። ከየወገኑ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋ የሽቦ ወንፊት ላይ ይቀመጣል።

መጋቢት 27

ሦስተኛው ወገን ተዛወረ። ሥራቸው ከጣቴ ቀዳዳ ይረዝም ስለነበር ገፍቼ ማስገባት ነበረብኝ፤ ሲታጠፍ ለጣቴ ይታወቀኝ ነበር። ትክክለኛው ዘዴ ረጅሙን ጫፍ በጥፍር ቆንጥሮ ማሳጠር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫፉ ሲቆረጥ ከበላዩ ያሉት የጎን ሥሮች ወደ ታች መውረዱን ይረከባሉ። ለማወዳደር ስል ግን እነዚህን አላሳጠርኳቸውም።

ሚያዝያ 8፦ ከአሮጌ ቡና ሥር

ዝናቡ አፈሩን ስላለሰለሰው ከአዛውንቱ ጎረቤታችን ማሳ ሊነቀል ከታሰበ አሮጌ ቡና ጎን አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈርን፤ ለሁለት ሰው የቀን ጉልበት 800 ብር ከፈልኩ። አፈሩን በስፖንጅና በውሃ እያጠብን ሥሩን ገለጥነው።

የጠበቅሁት አንድ ረጅም አውራ ሥር ወደ ጥልቁ ሲወርድ ማየት ነበር። የአረቢካ ቡና አውራ ሥር ግን አጭርና ወፍራም ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ሳይሞላ ደድሮ አልቋል። ከእርሱ ታች የወጡ አራት አምስት ቀጫጭን ሥሮች ግን ቀጥ ብለው ወርደው ቦያችን ካለቀበት አልፈዋል። በበጋ ዛፉን በውሃ የሚያቆዩት እነዚህ ናቸው። የእኔዎቹ 26 ችግኞች ያልነበራቸውም ይኸው መነሻ ነው፤ አውራ ሥሩ ሲታጠፍ እነዚህ የሚወጡበት ቦታም አብሮ ይታጠፋል።

ከላይ ያለው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ፣ ከግንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደቃቃ መጋቢ ሥሮች እንደ ጥልፍ ተጠላልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ከበሰበሰው ቅጠል ውስጥ ራሱ ገብተዋል። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፣ “አየህ ልጄ፣ እኔ ከቡናዬ ሥር ዶማ የማላስገባው ለዚህ ነው። አረሙን በማጭድ አጭደዋለሁ፣ እዚያው አለብሰዋለሁ” አሉኝ። ባለፈው ጥቅምት ችግኞቼን በዶማ ኮትኩቼ ነበር። ከደረቁት 34 ውስጥ ሥራቸው ቀጥ ብሎ የተገኘው ስምንቱ ምናልባት በዚህ ተጎድተው ይሆናል፤ ዘንድሮ ማሳው ውስጥ ዶማ አይገባም።

ግንቦት 15

ማሳው ተዳፋት በመሆኑ የላይኛው አፈር በዝናብ ከተጠረገ መጋቢ ሥሮቹ ይራቆታሉ። ስለዚህ በማሳው ራስጌ በአግድሞሽ ቬቲቨር ሣር ተክያለሁ። ይህ ሣር ከታንዛኒያ ወደ ጅማ የመጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ለቡና ማሳ የአፈር ጥበቃ ነው። ጥቂት ግንጣይ በመጀመሪያው ሣጥን የካቲት 5 ተክዬ ነበር፤ ዛሬ ሥሩ 80 ሳንቲ ሜትሩን ጨርሶ ጨርቁን በስቶ በታችኛው ቀዳዳ ወጥቷል። እንደ በቆሎው ጭራማ ሥር ነው፣ ልዩነቱ ግን ወደ ጎን ከመዘርጋት ይልቅ ቀጥ ብሎ መውረዱ ነው፤ ለዚህ ነው ከቡናው ጋር ብዙም ሳይሻማ አፈሩን የሚይዘው።

ሐምሌ 4 እና ከዚያ በኋላ

የደረቁት 34 ቦታዎች 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሆነው መጋቢት ላይ ተቆፍረው የላይኛው አፈር ተመልሶባቸዋል። የራሴ ችግኞች ገና ትንንሽ ስለሆኑ ለዘንድሮ ከሌላ ችግኝ ጣቢያ 40 ችግኝ በ15 ብር ሒሳብ በ600 ብር ገዛሁ። የእያንዳንዱን ቲዩብ ታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከነአፈሩ በስለት ቆረጥኩ፤ ታች የዞረ ሥር ካለ አብሮ ይቆረጣል። ከዚያ ቲዩቡን በጎኑ ሰንጥቄ ከአንገቱ፣ ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት፣ አጠገብ አፈሩን በጣቴ ትንሽ ገለጥ እያደረግሁ አውራ ሥሩን ተመለከትኩ። አምስቱ ከላይ የታጠፉ ነበሩ፤ እነዚህን ምንም መቁረጥ አያድናቸውምና አስወገድኳቸው። ሠላሳ አራቱ ተተከሉ፣ አንዱ ተረፈ።

አንድ ስህተት አልቀረም፦ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ችግኞች ላይ አፈሩን አብዝቼ ስለገለጥኩት ሥሩ ተራቁቶ ለሁለት ሳምንት ጠወለጉ። የዋንዛ ቅርንጫፍ በላያቸው ተከልኩላቸው፤ ስድስቱ አገግመዋል፣ አንዱ ሞቶ በተረፈው ተተክቷል።

ነሐሴ 2

ከ60ዎቹ ቲዩቦች ግማሹን፣ ከየወገኑ አሥር አሥሩን፣ ግማሹን ከመሬቱ ግማሹን ከወንፊቱ ወስጄ በውሃ አጠብኩ።

በቀጥታ ከተዘሩት አሥር ውስጥ አንገቱ ላይ የታጠፈ አንድ ብቻ ነው። ቀድመው ከተዛወሩት ሁለት፤ ዘግይተው ከተዛወሩት ሰባት። ሆኖም ከላይ ሲታዩ ከሦስቱ ወገን በቅጠል ብዛትም በቁመትም ልዩነት አላገኘሁባቸውም፤ ቅጠል አይቶ ችግኝ መግዛት ለምን እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የወንፊቱ ጥቅም ሌላ ነው። መሬት ላይ ከተቀመጡት 15 ውስጥ የስምንቱ ሥር ታች ደርሶ ዞሯል፤ ሁለቱ ቲዩቡን በስተው መሬት ገብተው ሳነሳቸው ተበጥሰዋል። ወንፊት ላይ ካሉት 15 የዞረ የለም፦ ታች የደረሰው ጫፍ አየር ሲያገኝ ደርቆ ቆሟል፤ ከበላዩም አዳዲስ የጎን ሥሮች በብዛት ወጥተዋል። ጉዳቱ ቲዩቡ በአራቱም በኩል አየር ስለሚያገኝ ቶሎ መድረቁ ነው፤ በደረቁ ወራት በየቀኑ ማጠጣት ነበረብኝ።

በሁለተኛው ሣጥን ቀጥ ብለው የተተከሉት ሁለት ቡናዎች 31 እና 28 ሳንቲ ሜትር ወርደዋል። የታጠፉት 17 እና 14 ላይ ናቸው፤ መታጠፊያቸውም በመስታወቱ በኩል እየወፈረ ሲሄድ በግልጽ ይታያል።

በወንፊት ላይ የቀሩት 15 ችግኞች እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ እዚያው ይቆያሉ፤ መሬት ላይ የነበሩትን 15 ዛሬ ከሰዓት ወደ ወንፊቱ አዛውሬ ታቻቸውን ቆርጫለሁ። ለሚቀጥለው መደብ ሙሉ በሙሉ በቀጥታ ቲዩብ ውስጥ እዘራለሁ፤ በአንድ ቲዩብ ሁለት ፍሬ፣ ደካማውን ነቅዬ። ማሳ ላይ የተተኩትን 34 ደግሞ ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ ከአንድ ወር በኋላ፣ እቆጥራቸዋለሁ።